አገሩን የሰጠው ማን ነበር? (ከእንቆቅልሽ እስከ ቴሌግራም)

እንቆቅልሽ!

«ምን አውቅልሽ» ያላችሁ ተቀመጡ። ዝም ያላችሁ ደግሞ አገር ትሰጡናላችሁ። የጨዋታው ደንብ ነው፣ እኛ አላወጣነውም።

ለመሆኑ ይህቺን «አገር ስጠኝ» የምትባል ነገር ልብ ብላችኋት ታውቃላችሁ? ሁለት ልጆች ቁጭ ብለው፣ ያለ ካርታ፣ ያለ ጠጠር፣ በአፋቸው ብቻ አገር ይቀባበላሉ። መልሱ የጠፋበት ልጅ ጎንደርን ይሰጣል። ጠያቂው ይኮራና «አልፈልግም፣ ሌላ» ይላል። ሐረር ይሰጠዋል። እሺ ካለ ሐረር ገብቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ የተሸነፈውን እየተሳለቀበት መልሱን ይናገራል። ማንም አልሾመውም፤ ለሁለት ደቂቃ ግን የሐረር ገዢ እሱ ነው።

ፈረንጆቹ የዚህን ነገር ዘመድ ኮምፒውተር ላይ ሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ አገር፣ በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሮይ ትሩብሾውና ሪቻርድ ባርትል የሚባሉ ሁለት ተማሪዎች «መድ» የተባለ ጨዋታ ጻፉ። ሥዕል የለው፣ ድምፅ የለው፤ ሙሉው ነገር ጽሑፍ ነው። የት እንደቆምክ ታነባለህ፣ ምን እንደምታደርግ ትጽፋለህ። በዚያው ዓለም ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ሌላ ሰው ደግሞ ሌላ ሆኖ ይጠብቅሃል። ከዚያ ወዲህ የጽሑፍ ሮል ፕሌይ የሚባለው ነገር ተባዛ፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ይቀጥላል፣ ታሪኩ የማንም ሳይሆን የሁሉም እየሆነ ያድጋል።

ጥያቄያችን ከዚህ ይጀምራል። አንድ ቀን አንድ ሰው ይነሳና «ይሄ ነገር እኮ መጽሐፍ ይወጣዋል!» ይላል። ፊልም ይወጣዋል፣ ቲያትር ይወጣዋል። እሺ፣ ታሪኩ ይሻገራል። ተጫዋቾቹስ? እስኪ ከራሳችን ቤት እንጀምር፤ እኛ ይህንን መሻገር ኮምፒውተር ሳይመጣ ደጋግመን አይተነዋልና።

አላፊ አግዳሚው ዳኛ

ድሮ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቢጣሉ የሚያልፈውን ሰው አስቁመው ዳኘን ማለት ይችሉ ነበር። ሰውየው ወደ ገበያ ይሂድ ወደ ለቅሶ፣ ለጊዜው ዳኛ ሆነ። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አገልድመው፣ ዱላቸውን ይዘው «በላ ልበልሃ!» ይባባላሉ። ክርክሩ በምሳሌ፣ በግጥም፣ በሰምና ወርቅ ነው። በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረዳሉ። ዙሪያውን የቆመው ሰው ደግሞ የጨዋታው ግማሽ ነው፤ ያደንቃል፣ ያጉረመርማል፣ ይፈርዳል።

ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ የወንጀለኛ መቅጫው፣ የፍትሐ ብሔሩና የሥነ ሥርዓት ሕጎቹ ተከታትለው ሲወጡ ክርክር በጽሑፍ ሆነ፣ ጥብቅና በፈቃድ ሆነ። ደግ አደረጉ እንላለን። ግጥም ስለማይችል ብቻ ርስቱን የሚያጣ ሰው መኖር የለበትም። በላ ልበልሃ ግን አልጠፋም፤ መድረክ ላይ ወጥቶ ትርዒት ሆነ። ዛሬ የምናየው በተዋናይ ነው። አለባበሱ አለ፣ ዱላው አለ፣ ቃሉም ሳይቀር አለ። ከተመልካቹ መካከል ተነስቶ ዳኛ የሚሆን ሰው ግን የለም። አላፊ አግዳሚው ትኬት ቆራጭ ሆነ።

«የላም በረት» የሚል ጠፋ

ተረትም እንደዚሁ ነው። ተረት የሚጀምረው በሁለት ሰው አፍ ነው፤ አንዱ «ተረት ተረት» ይላል፣ ሌላው «የላም በረት» ካላለ ተራቹ አይቀጥልም። አድማጩ በሩን ይከፍታል ማለት ነው።

ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ሩሲያ ተምረው የመጡ ሰው ነበሩ። በ1910ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) የእንስሳትን ተረት ወስደው «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ተውኔት አዘጋጁ። የዘመናዊ ቲያትራችን መነሻ ተብሎ የሚጠቀሰው ይኸው ነው። አውሬዎቹ የሚናገሩት ስለ ጫካ ቢመስልም ነገሩ ስለ አገር አስተዳደር ነበርና በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ልብ በሉ፣ ያንኑ ዓይነት ተረት እሳት ዳር ሲያወራ ማንም ማንንም ከልክሎ አያውቅም። ተረቱ መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ባለቤት አገኘ፣ ባለቤት ሲያገኝ ተጠያቂ አገኘ። እሳት ዳር «ሰዎች ሲሉ ሰምቼ ነው» ማለት ይቻላል፤ የጽሑፉ ላይ ስም ካለ አይቻልም።

ሁለተኛውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አባባ ተስፋዬን። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አብረው ገብተው ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት አወሩ። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ በየቤቱ ያለቀሰው ትልቅ ሰው ነበር፤ ያ ሁሉ ትልቅ ሰው የእሳቸው «ልጆች» ነበርና። ተስፋዬ ሳህሉ ቴሌቪዥን ከመምጣቱ በፊት፣ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን፣ ሴት ሆነው መድረክ ላይ የተጫወቱ ሰው መሆናቸውንም አትርሱ። ሌላ ሰው መሆን ምን ማለት እንደሆነ ያውቁ ነበር።

አባባ ተስፋዬ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ካሜራው ላይ ሆነው ሰላምታ ከሰጡ በኋላ ቆም ይሉ ነበር። ማንም በማይሰማበት ሳጥን ውስጥ ሆነው፣ ልጆቹ ቤታቸው ሆነው እስኪመልሱላቸው ይጠብቃሉ። ልጆቹም ይመልሱ ነበር! ከተረት ወደ ቴሌቪዥን የተሻገረው ታሪኩ ብቻ አልነበረም፤ የመላሹ ቦታም አብሮ ተሻገረ። ይህቺን ያዙልን፣ ኋላ እንፈልጋታለን።

ተቀበል!

ለጽሑፍ ሮል ፕሌይ ከሁሉ የሚቀርበው ግን የአዝማሪ ቤት ነው። እንግዳው ብርሌውን አስቀምጦ «ተቀበል!» ይላል። ስንኙን ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆ ተቀብሎ ያዜመዋል። ወዲያ ጥግ ያለው ሌላ እንግዳ ደግሞ የመልስ ስንኝ ይሰጣል። በዚያች ሌሊት አንዱ የተከዳ አፍቃሪ ነው፣ አንዱ ባለ ነገር ነው፣ አንዷ ባለ ወርቅ ናት። ሌሊቱ ሲነጋ ግጥሙን የጻፈው ማን ነው ብትሉ መልስ የለም። ቤቱ ነው የጻፈው።

ከዚያ ካሴት መጣ። ደርግ በሰዓት እላፊ ሌሊቱን ሲዘጋው ሰው ሙዚቃውን ቤቱ አስገባ። ከአዝማሪ ቤት የወጣ ስንኝ ካሴት ላይ ሲገባ «ግጥም፡ የሕዝብ» ተባለ፤ ወይም የዘፋኙ ተባለ። ተቀበል ያለው ሰውዬ የትም የለም። በሕግም ቢሆን የለም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ሲሆንና ግዙፍነት ሲያገኝ፣ ማለትም ሲጻፍ ወይም ሲቀረጽ ነው ይላል። ማታ በአፍ የተሰጠ ስንኝ ነፋስ ነው። ቀድሞ የቀረጸው ሰው ባለቤት ይባላል።

ቤቶቹስ? ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሌሊቱ ሲከፈት ካዛንቺስ የአዝማሪ ቤት ሰፈር ሆኖ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ሰዉ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበተነ። ዘፈኖቹ በየስልካችን ላይ ናቸው። «ተቀበል» የሚለው ሰው ግን አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ሄዷል።

ጃፓን ሄደን እንምጣ

ይህ የእኛ ብቻ ዕዳ እንዳይመስላችሁ ወደ ውጭ እንውጣ።

በጃፓን «ኮምፕቲክ» የተባለ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1986 አንድ እንግዳ ነገር ማተም ጀመረ። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው የተጫወቱትን የሚና ጨዋታ፣ ማን ምን እንዳለ እየጻፈ፣ እንደ ቃለ ጉባኤ አቀረበው። የሎዶስ ደሴት ታሪክ ነበር። አንባቢ ወደደው። ጨዋታውን የመራው ርዮ ሚዙኖ ከ1988 ጀምሮ ልብ ወለድ አድርጎ ጻፈው፤ በ1990 ደግሞ የካርቱን ፊልም ሆነ። የታሪኩ ተወዳጅ ገጸ ባሕርይ ዲድሊት የምትባል ቆንጆ ሴት ናት። ጠረጴዛው ላይ ዲድሊትን ሆኖ የተጫወተው ግን ሂሮሺ ያማሞቶ የተባለ ወንድ ደራሲ ነበር። (አባባ ተስፋዬን ያስታውሷል!) ይህን ዛሬ የምናውቀው ቃለ ጉባኤው ስለታተመ ነው። መጽሐፉ ብቻ ቢወጣ ኖሮ ዲድሊት ከሚዙኖ ጭንቅላት ብቻ የወጣች ነው ብለን እንማል ነበር።

በአሜሪካ ደግሞ ታይ ፍራንክ የተባለ ሰው ለኮምፒውተር ጨዋታ ያሰበውን የሕዋ ዓለም ወስዶ ከጓደኞቹ ጋር በጽሑፍ መጫወት ጀመረ፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ይመልሳል። ኋላ ደራሲው ዳንኤል አብርሃም (ስሙ አያታላችሁ፣ ሐበሻ አይደለም) ይህን ዓለም አይቶ «መጽሐፍ እናድርገው» አለ። ሁለቱ ጄምስ ኤስ. ኤ. ኮሪ በሚል አንድ የብዕር ስም ጻፉት። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ2011 ወጣ፣ በ2015 «ዘ ኤክስፓንስ» የተባለ የቴሌቪዥን ድራማ ሆነ፣ በ2021 ዘጠነኛው መጽሐፍ ተጠናቀቀ። መጽሐፉ መጀመሪያ አካባቢ ሼድ የሚባል ሰው በድንገት ይሞታል። አንባቢ ደነገጠ፣ «እንዴት ያለ ደፋር ደራሲ ነው» አለ። ነገሩ ቀላል ነበር፤ ሼድን ሆኖ የሚጫወተው ሰው ጨዋታውን አቋርጦ ስለሄደ ነው።

እስኪ አስቡት። አንድ ሰው ሥራ በዝቶበት ይሁን ሰልችቶት ከጓደኞቹ ጨዋታ ወጣ፤ በዓለም ዙሪያ ያለ አንባቢ ግን የእሱን መውጣት እንደ ሞት አነበበው። የመጽሐፉ ሽፋን ላይ ያለው ስም የሁለት ሰው ነው። ጨዋታው ግን ከሁለት በላይ ሰው ነበረው።

ወደ ሰሚት እንመለስ

ይህን ሁሉ የምናነሳው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምንኖር ሰባት ጓደኛሞች ይኸው ጥያቄ ደጃችን ስለመጣ ነው። ሁለት ዓመት ገደማ በቴሌግራም የምንጫወተው ነገር አለን። ሰሚት ገና የጤፍ ማሳ በነበረበት ዘመን እዚህ ስላደረ አንድ የነጋዴ ቅፍለት ነው። አንዳችን በቅሎ ነጂ ነን፣ አንዳችን የሸሸ ደብተራ ነን፣ አንዳችን የማሳው ባለቤት ነን። መብራት ሲጠፋ እንጽፋለን፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ እንጽፋለን፣ ከፊጋ እስከ መገናኛ ድረስ ሁለት ምዕራፍ ይወጣዋል። አሁን ከመካከላችን አንዱ የድምፅ ድራማ እናድርገው አለ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሁላችንም ወደድነው።

ችግሩ ጠጅ ጣይዋ ናት። ከገጸ ባሕርያቱ ሁሉ የላቀችው እሷ ናት፤ የቅፍለቱን ምሥጢር የያዘችውም እሷ ናት። እሷን ሆና የምትጽፈው ጓደኛችን ግን ከዓመት በፊት ዓረብ አገር ሄደች። መጀመሪያ ማታ ማታ ትጽፍ ነበር፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ፣ ከዚያ ዝም። ስለ ድራማው ጻፍንላት። ማንበቧን ሁለቷ ምልክት ትነግረናለች። መልስ ግን እስካሁን የለም።

አንዳንዶቻችን «እንቀጥል፣ ጠጅ ጣይዋን እንግደላት» አልን። የሼድን ታሪክ ያነበብነው ያኔ ነው። አዋጁ ራሱ ብዙ ሰው አብሮ የፈጠረው ሥራ የጋራ ነው ይላል። ከአዋጁ በላይ ግን አንድ ነገር ከበደን። ለአዝማሪ ቤቱ ሰውዬ ምክንያት ነበረን፤ ስንኙ ነፋስ ነበር፣ የሰጠው ማን እንደሆነ ሲነጋ አይታወቅም። የእኛ ጨዋታ ግን ነፋስ አይደለም። እያንዳንዱ መስመር ላይ ስም አለ፣ ሰዓት አለ፣ ቀን አለ። ማን አገሩን እንደሰጠ ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ማየት ነው። ከእኛ በፊት የነበረው ትውልድ ስም የጣለው ስለማይችል ነው። እኛ ከጣልን አውቀን ነው።

ስለዚህ እስካሁን የተስማማነው ይህንን ነው። አንደኛ፣ ድራማው መጨረሻ ላይ የሚነበበው ስም «ደራሲ» ተብሎ የአንድ ሰው አይሆንም፤ ማን ማንን ሆኖ እንደጻፈ ሰባቱም ይነበባል። ሁለተኛ፣ እንደ ሎዶስ ሰዎች የጨዋታውን ቃለ ጉባኤ፣ የግል ወሬያችንን አውጥተን፣ ከድራማው ጋር እናወጣዋለን። ሦስተኛ፣ ጠጅ ጣይዋን አንገድልም፣ ሌላ ሰውም በድምፅዋ አይናገርም። እሷ የምትናገርበት ቦታ ሲደርስ እንደ አባባ ተስፋዬ ቆም እንላለን። የማሲንቆ ድምፅ ይገባል፣ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይባላል፣ ሌሎቹ ይቀጥላሉ። አድማጭ ግራ ይጋባ ይሆናል። ይጋባ።

የመጀመሪያውን ክፍል በሚቀጥለው ወር እንቀርጻለን። መልስ ከላከች የምታነበው ራሷ ናት፤ በስልክ ቀድታ ብትልክልን ይበቃል፣ የጥራቱ ነገር አያሳስበንም። እናንተም እንደዚህ ያለ የጋራ ጨዋታ ካላችሁ፣ ነገ መጽሐፍ ይሁን ፊልም ከመባሉ በፊት፣ ዛሬ ማታ ወደ ላይ ገፋ አድርጋችሁ ስሞቹን ወረቀት ላይ ጻፏቸው።