አደራ በባዕድ ፊደል

መጽሐፍ በእሳት እንደሚነድ፣ በምስጥ እንደሚበላ ሁላችንም እናውቃለን። ሳይነድና ሳይበላ፣ ዓይናችን እያየው ስለሚጠፋ ጽሑፍ ግን እምብዛም አንነጋገርም።

አባቴ መምህር ነበር። በ1993 ዓ.ም. በኮምፒውተር ያስተየባቸውን ግጥሞች የያዘች አንዲት ሲዲ ትቶልን አረፈ። ባለፈው ክረምት ቡሹሎ በሚገኘው ቤታችን ሲዲዋን አገኘኋትና ከፈትኋት። በውስጧ አንድም የአማርኛ ፊደል አልነበረም። ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት፣ ጭረት የተጫነባቸው የላቲን ፊደላት ብቻ ተደርድረዋል። ስንኞቹ ግን በቁመታቸውና በስፋታቸው ግጥም መሆናቸውን ይመሰክሩ ነበር።

የዚህ እንቆቅልሽ ሥር ሩቅ ነው። ለ26 የላቲን ፊደላት የተሠራው የጽሕፈት መኪና ለእኛ ፊደል ጠባብ ነበር። በ1920ዎቹ ኢንጂነር አያና ብሩ የፊደሉን ግንድና ቅጥያ ነጣጥለው በመኪናው እንዲጻፍ አደረጉ። ኮምፒውተር ሲመጣም ጥበቱ አብሮ መጣ። በዚያን ዘመን አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ሲሆን፣ ከዚያም ብዙው አስቀድሞ ተይዟል። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኀዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ገና ናቸው። ስለዚህ እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉ ሥራዎች የእኛን ቅርጽ በላቲኑ ቁጥር ላይ አለበሱት። በዚያ ዘመን የነበሩ ብዙ ፎንቶች ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ከፍለውታል፤ አደራደራቸውም የየራሳቸው ነው። ፎንቱ ሲታጣ ልብሱ ይወልቅና ላቲኑ ራቁቱን ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 የራሱ ቦታዎችን ሰጠው፤ በ2007 ደግሞ ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ወጣ። ከዚያ በፊት የተተየበው ግን በአሮጌው ቁጥር እንደታሰረ ቀረ።

እኔም ፍቺውን ጀመርኩ። የሮማው ቄሣር መልእክቱን የሚሰውረው እያንዳንዱን ፊደል በሦስት ቦታ በማሸጋገር ነበር። በ9ኛው መቶ ዘመን በባግዳድ የኖረው አል ኪንዲ ደግሞ የፊደላትን ድግግሞሽ በመቁጠር ስውር ጽሑፍ እንደሚፈታ አስተማረ። አማርኛ ከዚህም የቀረበ ቁልፍ ሰጠኝ። ከአራት ነጥቡ በፊት ደጋግመው የሚመጡት ሁለት ምልክቶች “ነው” ካልሆኑ ምን ሊሆኑ ይችላሉ? “ነ” ከታወቀች በኋላ እኅቶቿ በአጠገቧ ተሰልፈው ተገኙ። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ከሀሁ ቀጥሎ “አ ቡ ጊ ዳ” ማለቱ ትዝ አለኝ፤ ፊደል ከለመደው ቦታ ቢነቀልም መልኩን መለየት አለበትና። ቀን በባንክ የደንበኞችን ፊርማ ከፊርማ ሳመሳክር ውዬ፣ ማታ ማታ የአባቴን ምልክቶች አመሳክር ጀመር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጥቂት ቃላት ብቻ እምቢ አሉ። ፋይሉ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ የፎንቶቹ ስም ረግፎ ነበርና፣ አንዱ ቁጥር በአንደኛው ፎንት “ራ”፣ በሌላኛው “ጋ” ይሆናል። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ማሽን ለይቶ ሊነግረኝ አይችልም። ከእነዚህ ቃላት አንዱ የቆመው በዚህ ስንኝ መጨረሻ ላይ ነበር፦

ከሐይቁ ዳር ቆሜ ለማዶ ስጣራ፣
ነፋስ አቀበለኝ ያባቴን . . .

“አደጋ” ነው ወይስ “አደራ”? ሁለቱም ትርጉም አላቸው፤ እንዲያውም የአያቴን አሟሟት ለሚያውቅ ሰው “አደጋ”ው ይቀርባል። አባቴ ግን ቤት መምታት የማይዘነጋ ሰው ነበር። “ስጣራ” ላለ ሰው መልሱ “አደራ” ነው። ቁልፉ በፎንቱ ሳይሆን በግጥሙ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

የዚያን ዘመን ተያቢዎችና ጸሐፊዎች እያረጁ፣ ሲዲዎቹም እየተላጡ ነው። በቁም ሣጥንዎ ጥግ ባዕድ ምልክት ብቻ የሚያሳይ አሮጌ ፋይል ካለ፣ ተበላሽቷል ብለው አይጣሉት። በመጀመሪያ ከአራት ነጥቡ በፊት ያለውን ቃል ይመልከቱ።