ከዘፈኑ ሥር የቆየ ምርቃት

እኅቴ በጥር ወር 1984 ዓ.ም. ስትዳር ሠርጓ በቪዲዮ ተቀርጾ ነበር። ካሴቱ ኤዲት ተደርጎ ሲመጣ አያቴ ሙሽሮቹን የመረቁበት ቦታ ላይ ዘፈን ተጭኖበት አገኘነው። አያቴ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማው ግን ኦርጋን ነው። በጊዜው ማንም ግድ አላለውም። አያቴ በሕይወት ነበሩ፤ ምርቃት ያጣ ሰውም በቤታችን አልነበረም። ቁጭቱ የመጣው በ1986 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ነው።

በቅርቡ ያንን ካሴት ወደ ኮምፒዩተር ለመገልበጥ ተነሣሁና ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ አንድ ባለ ሃይ ፋይ ዴክ ገዛሁ። ካሴቱን ከትቼ ምርቃቱ ያለበት ቦታ ስደርስ ዘፈኑ የለም። አያቴ ይመርቃሉ! ድምፃቸው እንደ ንብ ከሚያጉረመርም ነገር ጋር ተቀላቅሎ ይቆራረጣል እንጂ እሳቸው ለመሆናቸው አልተጠራጠርኩም። ከሠላሳ ዓመት በላይ የት ተደብቀው ነበር? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ መልሱን ለማግኘት የቪዲዮን ታሪክ ከመነሻው ማየት ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1956 አምፔክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለቴሌቪዥን ጣቢያ የሚያገለግለውን የመጀመሪያ የቪዲዮ መቅረጫ መሣሪያ ቺካጎ ላይ አሳየ። የመሐንዲሶቹ ፈተና ስዕል ከድምፅ እጅግ የበዛ መረጃ የሚጠይቅ መሆኑ ነበር፤ ክሩን በቆመ ሄድ ፊት በማሳለፍ ብቻ ያን ሁሉ መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ ሄዶቹን ራሳቸውን በፍጥነት እንዲሽከረከሩ አደረጓቸው። ድምፁ ግን እንደ ድሮው በቆመ ሄድ፣ በክሩ ጠርዝ ላይ ተጻፈ። ስዕል ባለቤት፣ ድምፅ የበረንዳ ደባል የሆኑት ያኔ ነው። (ከመሐንዲሶቹ አንዱ ገና ወጣት የነበረው ሬይ ዶልቢ ነው። ይኸው ሰው በ1965 ለንደን ላይ የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ ስሙን ያስጠራው ከክር ላይ ሽሽታን በመቀነስ ነው፤ የስዕሉን ማሽን ከሠሩት መካከል አንዱ የድምፅ ሐኪም ሆነ ማለት ነው።)

በአምፔክስ ማሽን ክሩ በሰከንድ 38 ሳንቲ ሜትር ይጓዝ ስለነበር ደባሉ ብዙ አልተጎዳም። ጉዳቱ የመጣው ቪዲዮ ወደየቤቱ ሲገባ ነው። የጃፓኑ ጄቪሲ በ1976 ያወጣው ቪ.ኤች.ኤስ. ረጅም ፊልም በአንድ ካሴት እንዲያልቅ ክሩን ቆጠበ፤ በፓል ዘዴ ክሩ በሰከንድ የሚጓዘው 2.34 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የሙዚቃ ካሴት እንኳ 4.76 ይጓዛል። ለድምፅ የተተወው መስመር ደግሞ ስፋቱ 1 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮ ካሴቶቻችን የሚያሸሹትና ድምፃቸው በብርድ ልብስ የታፈነ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ የተገኘው በ1980ዎቹ ነው። ሶኒ በ1983 በቤታማክስ፣ ቪ.ኤች.ኤስ.ም ተከትሎት፣ ድምፁን ከስዕሉ ጋር በሚሽከረከሩት ሄዶች መጻፍ ጀመሩ። ይህ ነው ሃይ ፋይ የተባለው። በቪ.ኤች.ኤስ. ድምፁ አስቀድሞ ጠለቅ ብሎ ይጻፋል፤ ስዕሉ ከላዩ ይደርብበታል። የጠርዙም መስመር ለአሮጌ ዴኮች ሲባል እንዳለ ቀረ። ስለዚህ በሃይ ፋይ ዴክ የተቀዳ ካሴት አንዱን ድምፅ ሁለት ጊዜ ይይዛል። ልብ በሉ፤ የጠለቀውን ድምፅ ስዕሉን ሳያጠፉ መለወጥ አይቻልም። ኤዲተር በተቀዳ ካሴት ላይ ዘፈን ልጨምር ሲል የሚለወጠው ጠርዙ ብቻ ነው። የእኛም ካሴት የሆነው ይኸው ነው። ቤታችን የነበረው ዴክ ከጠርዙ በስተቀር ሌላ ማንበብ አይችልም ነበር። አያቴ በስዕላቸው ሥር ነበሩ።

የጉርምርምታው ምክንያትም ከዚሁ ይመነጫል። በፓል ከበሮው በሰከንድ 25 ጊዜ ይዞራል፤ ሁለቱ ሄዶች ሲፈራረቁ 50 ርክክብ ይሆናል። ሄዱ ከመንገዱ ጥቂት ሲወጣ እያንዳንዱ ርክክብ ጠቅ ይላል፤ 50ው ጠቅታ አንድ ላይ ንብ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ንቡን በኮምፒዩተር ላጥፋው ይልና የሰውየውን ድምፅ አብሮ ይቆርጣል። መጀመሪያ መነካት ያለበት የዴኩ ትራኪንግ ነው። እኔ ትራኪንጉን ቀስ እያልኩ ሳዞር ንቡ እየራቀ ሄደ፤ ነገር ግን ድምፁ በጠራበት ቦታ ስዕሉ ተበላሸ። ሁለቱን የሚያስማማ ቦታ ስላጣሁ ካሴቱን ሁለት ጊዜ ቀዳሁት፤ አንዴ ለድምፁ፣ አንዴ ለስዕሉ።

የጠርዝ ድምፅ ብቻ ያለው ካሴት ሌላ ዘዴ አለው። የቀረጸውና የሚያጫውተው ዴክ የድምፅ ሄዳቸው ዝንባሌ በጥቂቱ ከተለያየ ቀጫጭኑ ድምፅ ይጠፋል፤ ይህን ሄዱን የምታዘነብለዋን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ በፀጉር ያህል እያዞሩ፣ በጆሮ እየሰሙ ማስተካከል ይቻላል። የነበረችበትን ቦታ ምልክት ሳያደርጉ ግን አይንኳት። አጠገቧ ያለውን ብሎን የነካ ስዕሉንም ሊያጣ ይችላል።

ድምፁንና ስዕሉን ሳጋባ ሌላ ጣጣ ገጠመኝ። መጀመሪያ ላይ የገጠመው ከንፈርና ድምፅ እየተራራቀ ሄዶ በሁለት ሰዓቱ ካሴት መጨረሻ ሁለት ሰከንድ ያህል ተለያየ። ሳውንድ ካርዱ በሰከንድ 44,100 ናሙና እወስዳለሁ ይላል፤ የራሱ ሰዓት በ12 ናሙና ብቻ ቢሳሳት በሰዓት አንድ ሰከንድ ይሆናል። ስዕሉን የሚቀዳው ካርድ ደግሞ ሌላ ሰዓት አለው። ልዩነቱ ቀስ እያለ የሚያድግ ከሆነ ድምፁን በዚያው መጠን መሳብ ወይም ማሳጠር ይበቃል። በድንገት የሚዘል ከሆነ ግን ኮምፒዩተሩ ስዕሎች ጥሏል ማለት ነውና መሳብ አይረዳም፤ የተዘለለበትን ቦታ ፈልጎ እዚያው ማረም ወይም እንደገና መቅዳት ነው።

የ44,100 ነገር ራሱ ይገርማል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሶኒ ድምፅን በቁጥር መቅዳት ሲጀምር ያን ሁሉ ቁጥር የሚሸከምለት የቪዲዮ ክር ነበር። በእያንዳንዱ የስዕል መስመር 3 ናሙና፣ በግማሽ ስዕል 294 መስመር፣ በሰከንድ 50 ግማሽ ስዕል፤ ሲባዛ 44,100 ይሆናል። በአሜሪካኖቹ ዘዴም 3 በ245 በ60 ያው ነው። በ1982 ገበያ የወጣው ሲዲ ቁጥሩን ወረሰ፤ ኮምፒዩተሩም ከሲዲው። ደባሉ ቤቱን ለቅቆ የሄደው በባለቤቱ መለኪያ ነው።

የቀረውን ሽሽታ ኦዳሲቲ በሚባለው ፕሮግራም ቀነስኩት። አያቴ ከመጀመራቸው በፊት ያለችውን ጸጥታ መርጬ ‹‹ጫጫታው ይህ ነው›› ብዬ አሳየሁትና እንዲቀንስ አዘዝኩት። አብዝቼ ስሞክረው ከውሃ ውስጥ የሚናገሩ መሰሉኝ፤ ስለዚህ ጥቂት ብቻ ነክቼ ተውኩት። ጥሩ ዴክ ማግኘት ግን እየከበደ ነው። የመጨረሻዎቹን የቪ.ኤች.ኤስ. ዴኮች ይሠራ የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ሥራውን ያቆመው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ነው።

ለእናቴ አሰማኋት። ምርቃቱ የምናውቀው ነበር፤ ውለዱ፣ ክበዱ። መጨረሻ ላይ አያቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ‹‹ለሠርግሽ ያልደረሰውንም ያምጣልን›› አሉ። ከጦር ሜዳ ያልተመለሰውን አጎቴን ነበር። እናቴ ‹‹ድገመው›› አለችኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ ዘፈኑንስ አጠፋኸው ወይ ስትል ጠየቀችኝ። አላጠፋሁትም፤ ሁለቱም ለየብቻቸው ተቀምጠዋል። እኅቴ ዘፈኑ ያለበትን ትመርጣለች፤ የለመደችው እሱን ነው።