አራት ጊዜ ከተሳበ፣ ውጣ

በመጋቢት 1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ወደ ምጽዋ ሲቃረቡ፣ ጣሊያኖች ወደቡ ለማንም እንዳይጠቅም አድርገው ለመልቀቅ ወሰኑ። መርከቦቻቸውን በገዛ እጃቸው እየበሱ አሰመጧቸው፤ መርከብ የሚጠገንባቸውን ተንሳፋፊ መድረኮችም ጨመሩበት። መጋቢት 30 ከተማዋ ስትያዝ፣ ድል አድራጊው የተረከበው በብረት ሬሳ የተዘጋ ወደብ ነበር።

በዓመቱ ኤድዋርድ ኤልስበርግ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ጠላቂዎች ይዞ መጣ። በዚያ የምጽዋ ሙቀት፣ አይነሳም ተብሎ የተተወውን ትልቁን መድረክ በግፊት አየር እየሞሉ ከባሕሩ ወለል አነሱት። ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ብረቱ ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን ገመዱ ነው።

የዚያ ዘመን ጠላቂ ትልቅ የብረት ቆብ አጥልቆ፣ እርሳስ የከበደበት ጫማ አድርጎ ይወርዳል። አየሩ ከላይ በቱቦ ይመጣለታል። ወገቡ ላይ የታሰረውን ገመድ ደግሞ ጀልባው ላይ ያለ አንድ ሰው ይይዛል። ስልክ ቢኖርም ስልክ ይበላሻል፤ ስለዚህ ገመዱ ራሱ ቋንቋ ነበረው። በአሜሪካ ባሕር ኃይል ደንብ ከላይ አንድ ጊዜ መሳብ «ደህና ነህ?» ነው። አራት ጊዜ «ውጣ» ነው። ከታች ሁለት-ሁለት-ሁለት ከተሳበ «ተጠላልፌያለሁ፣ ሌላ ጠላቂ ላኩልኝ» ማለት ነው። አራት-አራት-አራት ከሆነ «አሁኑኑ ጎትቱኝ»።

ከሁሉም የሚበልጠው ደንብ ግን ሌላ ነው። ምልክት የደረሰው ሰው ያንኑ ቁጥር መልሶ ይስባል። ካልመለሰ፣ እንደደረሰው አይቆጠርም። እኛ ፕሮግራም የምንጽፍ ሰዎች በየቀኑ የምንኖርበት ነገር ነው፤ መልእክት መላክ አንድ ነገር፣ «ደርሶኛል» የሚል ምላሽ ማግኘት ሌላ ነገር።

ከዚያ ገመዱ ተቆረጠ። እ.ኤ.አ. በ1943 ኩስቶና ጋኛን የተባሉት ፈረንሳውያን ጠላቂው አየሩን በጀርባው ይዞ የሚሄድበትን መሣሪያ ሠሩ። አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሃደችበት ሰሞን፣ የጣሊያን ጠላቂዎች ቡድን ወደ ዳህላክ ደሴቶች መጣ። አብሯቸው የነበረው ወጣቱ ፎልኮ ኩዊሊቺ የቀረጸው «ስድስተኛው አህጉር» የተባለ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1954 ወጣ። ዓለም የዳህላክን ኮራል በቀለም አየ። ሰዎቹ እንደ ዓሣ ይዋኛሉ፤ ቱቦ የለ፣ ገመድ የለ።

ነፃነቱ ግን ዋጋ ነበረው። ጀልባው ላይ ያለው ሰው አሁን የሚስበው ነገር የለውም። ማዕበል ቢነሳ፣ አንዱ ጠላቂ ቢጎዳ፣ መልሕቅ ቢበጠስ፣ ውሃ ውስጥ ተበትነው ያሉትን በምን ይጠራቸዋል?

መልሱ ድምፅ ሆነ። ዛሬም ብዙ ጀልባዎች ላይ የመጥሪያ ምልክቱ ቀላል ነው፦ ሞተሩን ደጋግሞ ማስጮህ፣ ውሃ ውስጥ የገባውን መሰላል በብረት መምታት፣ ወይም የውሃ ውስጥ ሳይረን። ድምፅ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከአየሩ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። በጣም ስለሚፈጥን ሁለቱ ጆሮዎቻችን ጋ የሚደርሰው እኩል በሚባል ጊዜ ነው፤ አንጎል ከየት እንደመጣ መለየት ያቅተዋል። ጠላቂው ጩኸቱን ይሰማል፣ ከየት እንደሆነ ግን አያውቅም። ስለዚህ ድምፁ ብቻውን ምንም አይነግረውም። ትርጉሙ ቀድሞ፣ ጀልባው ላይ ደረቅ እያሉ፣ መሰጠት አለበት።

ትርጉሙም «ሩጥና ውጣ» አይደለም። ከጥልቀት ተፈትልኮ የወጣ ሰው ደሙ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን እንደተነቀነቀ አምቦ ውሃ አረፋ ሊሆንበት ይችላል፤ ትንፋሹን ከያዘ ደግሞ ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ምልክቱን የሰማ ጠላቂ ጓደኛውን ይፈልጋል፣ በዝግታ ይወጣል፣ ሌላ ካልተባለ 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ ያህል ይቆማል። ከወጣም በኋላ ፕሮፔለሩ መቆሙን ሳያረጋግጥ ወደ ጀልባው አይጠጋም። ሊነክስ የምታውቁ «ሲግተርም» እና «ሲግኪል» የሚባሉትን አስቡ። የመጀመሪያው «የጀመርከውን ዘግተህ ውጣ» ሲል፣ ሁለተኛው በቃ ይገድላል። የጠላቂ ጥሪ ሲግተርም ነው።

የጠፋውን «ደርሶኛል» የተካው ደግሞ ቆጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 አውስትራሊያ ውስጥ አንዲት ጀልባ ሁለት አሜሪካውያን ጠላቂዎችን ባሕር ላይ ትታ ተመለሰች። መቅረታቸው የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ አልተገኙም። ሁለት ሰው የጎደለበት ቆጠራ «ሁሉም አለ» ብሎ አልፎ ነበር።

የእኛ ትልቁ የውሃ ላይ አደጋም የምልክት ታሪክ አለው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የበረራ ቁጥር 961 በሦስት ሰዎች ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ፤ ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢነግራቸው አላመኑትም። ነዳጁ አለቀ፣ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ፤ አውሮፕላኑ በኮሞሮስ ታላቁ ደሴት ሰሜን ጫፍ፣ ከባሕር ዳርቻው 500 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ውሃውን መትቶ ተሰባበረ። ከአንድ ሆቴል ፊት ለፊት ነበርና የደሴቲቱ ሰዎችና ቱሪስቶች በጀልባ ደረሱ፤ ከመካከላቸው ለመዝናናት የመጡ ጠላቂዎችም ነበሩ። ከ175 ሰው 50 ተረፈ።

ከሞቱት ውስጥ በርካቶቹ ከግጭቱ ተርፈው ነበር። ላይፍ ጃኬታቸውን ገና ውስጥ ሳሉ ስለነፉት፣ ውሃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው ገፍቶ ያዛቸው፤ መውጫው ከሥራቸው ቀረ። «ሳትወጡ አትንፉ» የሚለው ቃል በየበረራው ይነገራል። እኛ ግን ያን ሰዓት ስልካችንን ነው የምናየው። እነዚያን ሰዎች ለመውቀስ አይደለም፤ በጠላፊ ጩኸት መሐል ማንም ሰው እጁ የለመደውን ነው የሚያደርገው። ያልተለማመዱት መመሪያ፣ መልስ እንዳላገኘ ገመድ ነው፤ ተልኳል፣ አልደረሰም።

ይህን የምጽፈው ባሕር በማያውቀው በሙዱላ ልጅነቴ ነው። ግን ውሃው ወደ እኛም መጥቷል። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀው 243 ሜትር ከፍታ ካለው ግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ጀርባ የተኛው ሐይቅ፣ የኦሞን ሸለቆ ይዞ ከወላይታና ከዳውሮ እስከ ከምባታ፣ ጠምባሮና ሀዲያ ቆላ ይዘልቃል። ሐይቅ ካለ ጀልባ አለ፤ ጀልባ ካለ አንድ ቀን ነፋስ ይነሳል።

ምልክት እንዴት እንደሚሠራ ሀገራችን አዲስ ትምህርት አያስፈልጋትም። የዕድር ጥሩምባ ሌሊት ሲነፋ «ይሄ ምን ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሰው ተነስቶ ነጠላውን ያነሳል፤ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረም ይቆጠራል። ትርጉሙ ቀድሞ ተሰጥቷል፣ ምላሹም ይታያል።

እንግዲህ ሐይቁ ላይ ጀልባ ስትሳፈሩ፣ ገመዱ ሳይፈታ ሦስት ነገር ጠይቁ። ችግር ቢመጣ ምልክቱ ምንድን ነው? ስንሰማ ምን እናድርግ? ስንት ሰው እንደተሳፈረ የቆጠረውስ ማን ነው? ባለ ጀልባው ቢስቅባችሁም፣ መልሱን ሳታገኙ አትቀመጡ።