ሳይፈቀድላቸው የተጫወቱት

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼም፣ እስኪ ዛሬ ስለ አንድ የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር ላጫውታችሁ። ሲአይኤኤ ይባላል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።)

ዘመኑ 1912። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይተው የሚኖሩበት ጊዜ ነው። የነጮቹ ኮሌጆች ጥቁር ተማሪ አይቀበሉም፤ ከጥቁር ኮሌጅ ጋርም አይጋጠሙም። ታዲያ ከሃዋርድ፣ ከሊንከን፣ ከሾው፣ ከቨርጂኒያ ዩኒየንና ከሃምፕተን የተወከሉ ሰዎች ቨርጂኒያ ውስጥ፣ እዚያው ሃምፕተን ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። የጥቁር ኮሌጆች የመጀመሪያው የስፖርት ማኅበር ይኸው ነው። ማኅበር ስላችሁ ዋንጫ ብቻ አይደለም። ማን ተማሪ ነው? ማን መሰለፍ ይችላል? ይህን የሚወስን የጋራ ደንብ ማለት ነው።

ከዚህ ማኅበር ሰዎች እኔ የምወደው አሠልጣኝ ጆን ማክሌንደንን ነው። ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሲማር አማካሪው የቅርጫት ኳስ ፈጣሪ ጀምስ ናይስሚዝ ነበር። በዩኒቨርሲቲው ቡድን መሰለፍ ግን አልተፈቀደለትም። ጥቁር ነዋ! በኋላ የኖርዝ ካሮላይና ኮሌጅ አሠልጣኝ ሆነ። በ1944 አንድ እሑድ ጠዋት፣ ከተማው ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ ልጆቹ የዱክ ሕክምና ትምህርት ቤትን ነጭ ተማሪዎች በዝግ አዳራሽ ገጠሙ። ውጤቱ ምን መሰላችሁ? 88 ለ 44!

በ1946 የማኅበሩ የመጀመሪያው የቅርጫት ኳስ ውድድር ዋሽንግተን ዲሲ፣ ተርነርስ አሬና ተካሄደ። የማክሌንደን ቡድን ቨርጂኒያ ዩኒየንን ከሦስት ተጨማሪ ሰዓት በኋላ ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ዲሲ ያላችሁ ቦታውን ታውቁታላችሁ፤ 14ኛው መንገድና ደብልዩ ስትሪት፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቻችን ብዙም አይርቅም። አዳራሹ ግን ዛሬ የለም።

በ1950 የማኅበሩ ልጅ ኧርል ሎይድ በኤንቢኤ ጨዋታ የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። በዚያው ዓመት በማኅበሩ ስም ውስጥ ያለው "ከለርድ" በ"ሴንትራል" ተተካ፤ ምህጻሩ እንዳለ ቀረ። በ1967 ደግሞ ዊንስተን ሳሌም፣ በአማካይ 41.5 ነጥብ ያስቆጥር በነበረው ኧርል ሞንሮ እየተመራ፣ የኤንሲኤኤን የቅርጫት ኳስ ዋንጫ የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር ኮሌጅ ሆነ።

ከዚያስ? በሩ ተከፈተ። ተከፍቶም ሀብታሞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ምርጥ ምርጡን ልጅ ይወስዱ ጀመር። በ1970 ሃዋርድን ጨምሮ ትልልቅ አባላት ወጥተው ሌላ ማኅበር አቋቋሙ። ፍትሕ መጣ፤ ግን የገዛ ቤታቸውንም አሳሳው። ደግነቱ ማኅበሩ አልፈረሰም፤ መቶ ዓመት አልፎት ዛሬም ያጫውታል።

እና ልጆች፣ የተገፉ ሰዎችን ታሪክ ስታነቡ "መቼ ተፈቀደላቸው?" ብላችሁ አታቁሙ። "ሳይፈቀድላቸው በፊትስ ምን ሠርተው ነበር?" በሉ።