የዓለማየሁ እሸቴ ድምፅ እና የካዛንቺስ ዝምታ

ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. አንጋፋው ድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴ በ80 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። ከእርሱ አራት ወር ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያ ሸክላውን ያሳተመለት አምሃ እሸቴ አርፎ ነበር። የአባታቸው ስም ቢመሳሰልም የሥጋ ዝምድና አልነበራቸውም፤ የሚያዛምዳቸው አንድ ክብ ጥቁር ሸክላ ነው። ስለ ዓለማየሁ የተጻፈው የኀዘን መግለጫ ሁሉ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» የሚለውን ቅጽል ሳይጠቅስ አላለፈም። ቅጽሉ ግን ከታሪኩ ይልቅ ጸጉሩን የሚያስታውስ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ የናፍቆት ጽሑፍ አይደለም። ሁለት ጥያቄዎችን ለማንሣት የታሰበ ነው። ሙዚቀኛው ሁሉ የደንብ ልብስ ለባሽ በነበረባት አገር የሮክ አቀንቃኝ ከየት ሊመጣ ቻለ? ወርቃማ እየተባለ የሚወደሰው የሸክላ ዘመንስ ስለምን በስድስትና በሰባት ዓመት ተቀጨ?

የደንብ ልብስ የለበሰ ሙዚቃ

እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን አርባ የአርመን ልጆችን ከኢየሩሳሌም አስመጥተው የነሐስ መሣሪያ ባንድ ካቋቋሙበት ጊዜ ጀምሮ ዘመናዊ ሙዚቃ በመንግሥት እጅ ሲኖር ቆይቷል። ክብር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ሁሉም የየራሳቸው ባንድ ወይም ኦርኬስትራ ነበራቸው። መለከቱም ሳክስፎኑም የመንግሥት ንብረት ነው፤ የሚነፋውም ሰው ደመወዝተኛ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዦች የሞከሩት መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ፣ የዚያ ጦር ሙዚቀኞች ከጥርጣሬ ያላመለጡትም ስለዚህ ነው። ዘፋኙ የወታደሩ አካል እንጂ ራሱን የቻለ ባለሙያ ተደርጎ አይታይም ነበር።

ዓለማየሁ የበቀለው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። በወጣትነቱ በከተማይቱ ሲኒማ ቤቶች የአሜሪካ ፊልሞችን እያየ የኤልቪስ ፕሪስሊን አለባበስና አበጣጠር ቀሰመ። ሆሊዉድ ለመግባት ቆርጦ በመርከብ ለመሳፈር እስከ ምጽዋ መኰብለሉንና ተይዞ ወደ ቤቱ መመለሱን ራሱ ይተርክ ነበር። ወደ ሆሊዉድ ያልደረሰው ወጣት በ1950ዎቹ ፖሊስ ኦርኬስትራ ገባ። እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉት፤ የአመፀኛ ወጣቶች ሙዚቃ የሚባለው ሮክ በአዲስ አበባ መድረክ ያገኘው በጸጥታ አስከባሪው መሥሪያ ቤት ጥላ ሥር ነው።

የዓለማየሁ ሥራ ግን የቅጂ ሥራ አልነበረም። ከኤልቪስ አቋቋሙን፣ ከጄምስ ብራውን ጩኸቱን ቢወስድም፣ ዜማውን የጣለው በራሳችን ቅኝት ላይ ነው። አምስት ድምፅ ብቻ ያለው ቅኝት ከሮክ ምትና ከነሐስ መሣሪያዎች ምላሽ ጋር ሲገጥም፣ ባዕድ ያልሆነ አዲስ ነገር ተወለደ። ለዚህ ውሕደት ብዙ የደከመው ፒያኒስቱና አቀናባሪው ግርማ በየነ ሲሆን፣ ሁለቱ በኋላ ስማቸውን አጋጥመው «ዓለም ግርማ ባንድ»ን መሥርተዋል። የደንብ ልብሱን አውልቆ በራስ ስም መጠራት በዚያ ዘመን ቀላል እርምጃ አልነበረም።

ድንጋጌውን የተሻገረ ሸክላ

ዘፈን መዝፈን አንድ ነገር ነው፤ ዘፈን ማሳተም ሌላ። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥት ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ማኅበሩ መብቱን ይዞ የወጣቱን ሙዚቃ ሳያሳትም ዓመታት አለፉ። በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረው ነጋዴ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ድንጋጌ ወደ ጎን ትቶ በራሱ ገንዘብ ሸክላ አሳተመ። በአገር ውስጥ ማተሚያ አልነበረምና ቅጂው ህንድ ተልኮ ታተመ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ «ትማርኪያለሽ» ነበር። ሸክላው ተሸጠ፤ አሳታሚውም ወኅኒ አልወረደም። ሌሎች አሳታሚዎችም በተከፈተው በር ገቡ። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችንና 12 ባለ ረጅም ሸክላዎችን አወጣ።

በዚያው በ1969 እ.ኤ.አ. ሂልተን ሆቴል በካዛንቺስ ዳርቻ ተከፈተ። ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት አንሥቶ በጊዮን ሆቴል፣ በአፍሪካ አዳራሽና በሂልተን የሚያልፈው ጎዳና የዲፕሎማቱ፣ የቢሮ ሠራተኛውና የሌሊት ሙዚቀኛው መገናኛ ሆነ። ዋልያስ ባንድ ሂልተንን ቤቱ አደረገ። ከጦር ሠፈር ውጭ፣ ከመንግሥት መዝገብ ውጭ፣ በደንበኛ ክፍያ የሚኖር ባንድ ሊኖር እንደሚችል ታየ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አስተያየት ማረም ይገባል። ይህን ዘመን የዘውዱ ችሮታ አድርገው የሚያወድሱ ጥቂቶች አይደሉም። የቤተ መንግሥቱ ድርሻ መሣሪያ መግዛትና ሙዚቀኛ ማሠልጠን ነው፤ ይህ አይካድም። ሸክላው የታተመው ግን በዘውዱ ፈቃድ ሳይሆን የዘውዱ ድንጋጌ ተጥሶ ነው። አገዛዙ አርጅቶ እጁ ሲላላ፣ ግለሰቦች በስንጥቁ ውስጥ ዘር ዘሩ። ስንጥቅ ውስጥ የበቀለ ቡቃያ ደግሞ ሥር የሚሰድበት አፈር የለውም። የሙዚቀኛውን ጥቅም የሚያስጠብቅ ማኅበር፣ የሥራውን ባለቤትነት የሚያስከብር ተቋም፣ ቅጂውን የሚያኖር ቤተ መዛግብት ሳይቋቋም አብዮቱ ደረሰ።

የሰዓት እላፊ ዓመታት

ደርግ በ1967 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዝ ሙዚቃን በአንድ ቀን አላገደም። ሌሊቱን ግን ዘጋው። ሰዓት እላፊ በታወጀበት ከተማ የሌሊት ክበብ የሚባለው ነገር ትርጉም አጣ። የቀሩት ሆቴሎች እንግዳውንም ሙዚቀኛውንም እስከ ንጋት ቆልፈው ያሳድሩ ጀመር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1975 ተሰደደ። እ.ኤ.አ. በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ ወደ አሜሪካ ከሄደው የዋልያስ ባንድ አባላት መካከል ግርማ በየነን ጨምሮ አያሌዎቹ በዚያው ቀሩ።

ዓለማየሁ አልተሰደደም። እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ወደ 30 የሚጠጉ ሸክላዎችን ካሳተመ በኋላ እንደ እኩዮቹ ወደ ካሴት ተሻገረ። ለኪም ኢል ሱንግ ክብር በኮሪያ ቋንቋ፣ የሚለውን ሳያውቅ፣ እንዲዘፍን ታዝዞ እንደነበር ለጋዜጠኞች ተናግሯል። በወጣትነቱ ማንም ሳያዝዘው በእንግሊዝኛ ያንጎራጎረ ሰው፣ በጎልማሳነቱ በትእዛዝ በኮሪያኛ ዘፈነ። አንዱን ሥርዓት ከሌላው ለመለየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አስተማሪ አያገኝም።

ለፍትሕ ሲባል ሌላውንም ገጽ ማንሣት ያስፈልጋል። በደርግ ዘመን ሮሃ፣ ኢትዮ ስታርና ዳህላክ ባንዶች ሠርተዋል፤ ካሴትም ሙዚቃን ሸክላ ማጫወቻ ወዳልነበረው ቤት አድርሷል። ነገር ግን ካሴት በማንም እጅ ይባዛል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት አንቀጾች ቢኖሩትም አስፈጻሚ አልነበራቸውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም ከመጀመሪያው የዓለማየሁ ሸክላ 35 ዓመታት በኋላ። የአንድ ትውልድ ሙዚቀኞች በሥራቸው ሳይጦሩ አረጁ።

ሸክላዎቹን ከአቧራ ያነሣቸውም የእኛ ተቋም አይደለም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1997 «ኢትዮፒክስ» የተሰኘውን ተከታታይ ኅትመት ጀመረ፤ ዘጠነኛውና ሃያ ሁለተኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ የዓለማየሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለማየሁ በኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ከአሜሪካዊው ኢይዘር ኦርኬስትራ ጋር መድረክ ላይ ቆመ። ወደ አሜሪካ ሊኰበልል የሞከረው ልጅ በስድሳዎቹ አጋማሽ ዕድሜው ተጋብዞ ገባ። ደስ ያሰኛል፤ ግን ያሳፍራልም። የራሳችንን ድምፅ ከባዕድ መደርደሪያ ገዝተን መስማታችን የማን ዕዳ ነው?

የፈረሰው ሰፈር

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለ ድርጅት ነው። «ካዜ ኢንቺስ» በከተሜው አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ወራሪ ለራሱ የሠራውን ሰፈር ሕዝቡ የራሱ አደረገው። ደርግ ወድቆ ሌሊቱ ሲከፈት የአዝማሪ ቤቶች በዚያ ፈሉ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ፈንድቃ የዓለም እንግዶች የሚጎርፉበት የባህል ማዕከል እስከ መሆን ደረሰ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ የፈንድቃ ቤትም አልተረፈም።

ይህ ጸሐፊ ያረጀ ቤት ሁሉ ቅርስ ነው አይልም። በካዛንቺስ ጓሮዎች ውኃና መጸዳጃ ተቸግሮ የኖረ ሰው መልካም ቤት ይገባዋል፤ ድህነትን እንደ ባህል ማቆየትም ነውር ነው። ነገር ግን ቤት ሲፈርስ ትዝታው አብሮ እንዲፈርስ ግድ የሚል ሕግ የለም። የሰፈሩ ነዋሪ ወደ ሌላ ሠፈር ሲበተን ማን የት ይዘፍን እንደነበረ የሚያውቀው አንደበትም ይበተናል። ሸክላ በውጭ አገር ሊገኝ ይችላል፤ የሽማግሌ ትዝታ ግን ሌላ ቅጂ የለውም።

ስለዚህ የሚደረገው ግልጽ ነው። በሕይወት ያሉ ሙዚቀኞችንና ተነሺ ነዋሪዎችን ቃል መቅዳት ከአፍራሽ መኪና የሚበልጥ ወጪ አይጠይቅም። የታሪክ ትምህርት ክፍሎቻችን ተማሪዎቻቸውን ወደዚያ ይላኩ። ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍትን እንደሚሰበስብ ሁሉ ሸክላና ካሴትንም በሥርዓት ይሰብስብ። በአዲሱ የካዛንቺስ ጎዳና ላይም የባለሥልጣን ብቻ ሳይሆን የሙዚቀኛ ስም ይጻፍ።

ዓለማየሁ ከሚታወቅባቸው ዘፈኖች አንዱ «አዲስ አበባ ቤቴ» ይባላል። ከተማይቱን ቤቴ ብሎ ለጠራት ሰው፣ ከተማይቱ ዘፋኜ ብላ የምትመልስበት አንድ አዳራሽ፣ አንድ መዝገብ፣ አንድ ጎዳና እስካሁን አልሰጠችውም። ሥርዓቶች ሙዚቀኛን እያዘዙ አልፈዋል፤ እርሱን ማስታወስ ግን ትእዛዝ የማይጠብቅ የዜጎች ሥራ ነው።