መምህሩ ሙጃሂድ፦ ሸይኽ ዑመር አል-ሙኽታር

ለዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን የመረጥነው ዕድሜያቸውን ደረሳ በማስቀራትና ሀገር በመጠበቅ የፈጁ አንድ አዛውንት መምህርን ነው። ሸይኽ ዑመር አል-ሙኽታር ይባላሉ። ሀገራቸው ሊቢያ ነው፤ ያሰቀላቸውን ሰው ግን እኛም በደንብ እናውቀዋለን።

ሸይኽ ዑመር በምሥራቅ ሊቢያ ተወልደው በጀግቡብ በሚገኘው የሰኑሲያ የትምህርት ማዕከል ስምንት ዓመት ያህል ቀሩ። ከዚያም በጀበል አኽዶር አካባቢ የቁሱር ዛዊያ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ሥራቸው ልጆችን ቁርኣን ማስቀራትና የጎሳ ጠብ ማብረድ ነበር። በመሐሉ ወደ ቻድ ተልከው የፈረንሳይን ጦር ከተዋጉት ጋር ተሰለፉ፤ ሲመለሱም ወደ ዛዊያቸው ገቡ።

እ.ኤ.አ. በ1911 ጣሊያን ሊቢያን ሲወር ዕድሜያቸው ሃምሳ ገደማ ነበር። አስተምረዋል፣ ዘምተዋል፤ «ድርሻዬን ተወጥቻለሁ» ብለው ቢቀመጡ የሚወቅሳቸው አልነበረም። እርሳቸው ግን ተነሱ። የሰኑሲያው መሪ ኢድሪስ ወደ ግብጽ ከሄዱ በኋላም ከ1923 ጀምሮ ትግሉን መሩ። በጥቂት ፈረሰኛ ድንገት መትተው በተራራውና በጫካው ይሰወሩ ነበር።

ጣሊያን በውጊያ አልሆን ሲለው ወደ ሕዝቡ ዞረ። በ1930 ሮዶልፎ ግራዚያኒ ከተሾመ በኋላ መቶ ሺህ ያህል ሰው ከነከብቱ ከመኖሪያው ተነቅሎ በበረሃ ካምፖች ታጎረ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት በረሃብና በበሽታ አለቁ። ከግብጽ ስንቅ እንዳይገባ ድንበሩ በእሾሃማ ሽቦ ታጠረ። በዚያው ዓመት በአንድ ውጊያ የወደቀው የሸይኹ መነጽር ከግራዚያኒ እጅ ገባ። በቀጣዩ ዓመት ራሳቸው ተያዙ። ቤንጋዚ ላይ ለይስሙላ በቆመ ችሎት ተፈረደባቸው፤ በማግስቱ፣ መስከረም 5 ቀን 1924 ዓ.ም.፣ በሱሉቅ ከየካምፑ በተሰበሰበ 20 ሺህ ያህል ሕዝብ ፊት ተሰቀሉ። ሰባ ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር።

አድማጮቻችን፣ ግራዚያኒ ማን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አይነገረውም። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በግንቦትም በደብረ ሊባኖስ ያፈሰሰው ደም ምስክር ነው። በሊቢያ የለመደውን እዚህ ደገመው።

ከሁሉ የሚያሳዝነን ሌላ ነገር አለ። ጣሊያን በእነ ሸይኽ ዑመር ላይ ካዘመታቸው መካከል አብዛኞቹ ክርስቲያን የሆኑ የኤርትራ አስካሪዎች ነበሩ። በ1928ቱ ወረራ ደግሞ ሊቢያውያን ሙስሊሞችን አምጥቶ በኦጋዴን አሰለፈብን። አንዱን ተበዳይ በሌላው ተበዳይ ላይ አስነሳ። ሁለቱም ሲደሙ የሚገዛው እርሱ ነበር። በሃይማኖት ስም ሊያጣላን የሚመጣ ሁሉ ይህን ታሪክ እንዳናውቅ ይፈልጋል።

የሸይኹ ምስል በሊቢያ የአሥር ዲናር ገንዘብ ላይ ታትሟል። እኛ ዘንድስ? በየሰፈራችን ሲያስተምሩ የኖሩ፣ በጉብዝናቸው ጊዜም የዘመቱ አባቶች አሉ። ከዘራቸውን ተደግፈው ከመስጂድ ሲወጡ ሰላም ብለናቸው እናልፋለን። አረፍ ብለን እንጠይቃቸው። ያዩትን፣ ማን ከማን ጋር እንዳዋጋቸውም ጭምር ይንገሩን። እነርሱ ሲያልፉ የሚጠየቅ አይኖርም።

አላህ ለሸይኽ ዑመር ይዘንላቸው፤ ለእኛም ከታሪክ የምንማርበትን ልቦና ይስጠን።