የወንበሩ ቁጥር

አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ተጋፍቼ ኳስ ያየሁ ሰው ነኝና የወንበር ቁጥር የሚባለውን ነገር ከቁም ነገር ቆጥሬው አላውቅም። ቦታ ቀድሞ የደረሰ ሰው ነው! እንግሊዝ አገር ስኖር ለመጀመሪያ ጊዜ አንፊልድ የገባሁ ቀንም ትኬቴን ሳላይ ባዶ ያገኘሁት ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሽማግሌ መጡና በትህትና አስነሱኝ። የእኔ ለካ እዚያው አጠገባቸው ኖሯል።

«ሁሉም ወንበር ያው አይደለም እንዴ?» ብላቸው፣ «ውጭ ያሉትን ስሞች አላየህም?» አሉኝ።

አይቻለሁ፤ የ97 ሰዎች ስም ነው። ከወንበሬ ጋር ምን አገናኘው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ከጎል ጀርባ ያለው የእንግሊዝ ደጋፊ ኳስ የሚያየው ቆሞ ነበር። ረብሻ በዛ ተብሎም ከሜዳው በብረት አጥር ተለይቷል። ኤፕሪል 15 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት ለኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ሼፊልድ፣ ሂልስቦሮ ስታዲየም ተገናኙ። ለሊቨርፑል ደጋፊዎች የተሰጠው መግቢያ ጠባብ ስለነበር ውጭ ያለው ሕዝብ ተጨናነቀ። ፖሊስ ጭንቅንቁን ላቃልል ብሎ አንድ ትልቅ የመውጫ በር አስከፈተ፤ ወደ መሃል የሚወስደውን መተላለፊያ ግን አልዘጋም። ሰዉ አስቀድሞ ወደሞላው በረት ጎረፈ። (በረት ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ እነሱ ራሳቸው እንዲያ ነበር የሚሉት።) ፊት የነበረው ከአጥሩ ጋር ተጣበቀ። ጨዋታው በተጀመረ ስድስት ደቂቃ ገደማ ቆመ። ከሟቾቹ ትንሹ የ10 ዓመት ልጅ፣ በኋላ የሊቨርፑል አምበል የሆነው የስቲቨን ጄራርድ ዘመድ ነበር።

የፖሊስ አዛዡ «ደጋፊዎቹ በሩን ሰብረው ገቡ» አሉ። ውሸት ነበር። ዘ ሰን ጋዜጣ ደግሞ በአራተኛው ቀን፣ ደጋፊዎቹ የተጎጂዎችን ኪስ በረበሩ ብሎ በፊት ገጹ አወጣው። ልጁን የቀበረ አባት ይህን ማንበብ ነበረበት እኮ!

ጉዳዩን እንዲመረምሩ የተሾሙት ዳኛ ቴይለር ዋናው ጥፋት የፖሊስ መሆኑን በዚያው ዓመት ጻፉ። በ1990 ባወጡት የመጨረሻ ሪፖርት ደግሞ ተመልካች ሁሉ ወንበር ይኑረው አሉ፤ በ1994 በሁለቱ ከፍተኛ ዲቪዚዮኖች ይኸው ተፈጸመ። በ2022 በብረት መደገፊያ መቆም እስኪፈቀድ ድረስም ቆሞ ማየት ክልክል ሆኖ ቆየ። ቴይለር ለአንድ ወንበር 6 ፓውንድ ያህል በቂ እንደሚሆን ምሳሌ ሰጥተው ነበር። እኔ የከፈልኩትን ባልነግራችሁ ይሻላል።

ወንበሩ አምስት ዓመት ፈጀ። የፍርድ ቤት ጁሪ ሟቾቹ በሕገወጥ መንገድ እንደተገደሉ፣ ደጋፊዎቹም ጥፋት እንደሌለባቸው እስኪወስን ግን 27 ዓመት አለፈ፤ ኤፕሪል 26 ቀን 2016 መሆኑ ነው። ከወላጆቹ ስንቱ ያን ቀን ሳያይ አልፏል።

ይህን ሁሉ ሽማግሌው አልነገሩኝም፤ ያነበብኩት በኋላ ነው። እሳቸው ወንበራቸውን ይዘው፣ ሻርፓቸውን አስተካክለው፣ «እኔ ያን ቀን እዚያ ቆሜ ነበር» ብቻ አሉኝ። ከዚያ ፊሽካው ተነፋና ሁለታችንም ወደ ሜዳው ዞርን።